የዋጋ ለውጥ ትናንትን ያስታውሳል? ረጅም ትውስታን በኤክሴል የመለካት መመሪያ

ባንክ ውስጥ የስጋት ክፍል የሠራ ሰው 3.16ን ያውቃታል። የአንድ ቀን የምንዛሪ ስጋት ወደ አሥር ቀን ሲቀየር የሚባዛባት ቁጥር ናት፤ የ10 ስኩዌር ሩት። ይህች ማባዣ የምትሠራው ግን የዛሬው ለውጥ ስለ ትናንቱ ምንም የማያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። ለውጦቹ ትውስታ ካላቸው ትክክለኛው ማባዣ 3.98 ወይም 5.01 ሊሆን ይችላል። ወጣ ብሎ ቶሎ የመመለስ ጠባይ ካላቸው ደግሞ 2.51 ይበቃል።

ልዩነቱን የምትወስነው አንዲት ቁጥር ናት። የኸርስት ቁጥር ትባላለች፤ እዚህ ኤች እንላታለን። ኤች 0.5 ስትሆን ትውስታ የለም። ከ0.5 ስትበልጥ ጭማሪ ጭማሪን፣ ቅናሽም ቅናሽን እየጎተተ ይቆያል። ስታንስ የወጣው ይወርዳል፣ የወረደውም ይወጣል። የአሥር ቀኑ ማባዣ 10^ኤች ነው፦ በ0.6 ሲሰላ 3.98፣ በ0.7 5.01፣ በ0.4 2.51።

ኤችን ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አስቸጋሪው የወጣውን ቁጥር ማመን ነው፤ በተለይ በብር ምንዛሪ ላይ የሚወጣ ትልቅ ኤች ብዙ ጊዜ የውሸት ነው። ስለዚህ ከታች ስሌቱ አጠር፣ ማጣሪያው ረዘም ብሏል።

ቁጥሯ ከውሃ ነው የመጣችው

ሃሮልድ ኸርስት ግብፅ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሠራ እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ ነበር። ጥያቄው የግድብ ጥያቄ ነው፤ የጥጋብ ዓመት ውሃ ለድርቅ ዓመት እንዲተርፍ ማጠራቀሚያው ምን ያህል ይስፋ? እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት (ከታችም የጥናት ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የወንዝ፣ የዝናብና የመሳሰሉት የተፈጥሮ መዝገቦች በአማካይ 0.5 ሳይሆን 0.73 ገደማ እንደሚሰጡ አሳየ። ካይሮ አጠገብ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው የናይል መለኪያ መዝገቡ ከ622 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ይጀምራል፤ እዚያም ደግ ዓመታት በደግ፣ ክፉ ዓመታት በክፉ ተሰባስበው ይታያሉ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ነውና፣ የፋይናንስ ሒሳብ ዛሬ ረጅም ትውስታ የሚለው ነገር መጀመሪያ የታየው በኛው ክረምት ላይ ነው ማለት ይቻላል። የሒሳብ ሊቁ ኮልሞጎሮቭ በ1940 የሒሳቡን መሠረት አስቀምጦ ነበር፤ ማንደልብሮትና ቫን ነስ በ1968 ፍራክሽናል ብራውኒያን ሞሽን (ትውስታ ያለው የዘፈቀደ ጉዞ ሞዴል) የሚለውን ስም ሰጥተው ወደ ገበያ ዓለም አስገቡት።

ረጅሙን ትውስታ ከአጭሩ መለየት ያስፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ዝናብ ቢጥል የታክሲው ሰልፍ ይጠማዘዛል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ዝናብ መጣሉን ከሰልፉ አታውቁም። ይህ አጭር ትውስታ ነው። በቁጥር ሲታይ፣ የዛሬና የነገ ለውጥ ተዛምዶ (አብረው የሚሄዱበት መጠን፤ 0 ማለት ግንኙነት የለም) 0.32 ከሆነ በአጭር ትውስታ በ10ኛው ቀን 0.32^10 ይሆናል፤ ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ፣ ማለትም ምንም። ኤች 0.7 በሆነበት ረጅም ትውስታም የመጀመሪያው ቀን ተዛምዶ ያው 0.32 ነው (ቀመሩ 2^(2×ኤች−1)−1)። በ10ኛው ቀን ግን 0.07፣ በ100ኛው ቀን 0.018 ይቀራል። እያንዳንዱ ሲታይ ኢምንት ነው። ድምሩ ግን ማብቂያ የለውም፤ ነገሩን ሁሉ የሚያበላሸውም ድምሩ ነው።

መረጃውን ማዘጋጀት

የምትለኩት ዋጋውን ሳይሆን የዋጋውን ለውጥ ነው። ዋጋ ራሱ እንደ አባይ ማደሪያ የለውም፤ ኤችን በቀጥታ ከዋጋው ብታሰሉ ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር ይወጣና ስለ ትውስታ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ የዛሬውን ዋጋ ለትናንቱ አካፍሉ፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ በ100 አባዙ።

ለጥሩ ልኬት 1,024 የሥራ ቀን ያስፈልጋል፤ ከአራት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። 512 ከሆነም ይሠራል፣ ጥርጣሬው ይጨምራል እንጂ። ከዚያ በታች አትድከሙ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2/2017 ስለሆነ፣ የአክሲዮን ዋጋዎች ላይ ይህን ለመሞከር የሚጣደፍ ሰው ገና ያልበሰለ እንጀራ እያነሳ ነው።

ከባንክ ሰሌዳ ስትወስዱ አንዱን ምረጡ፦ ወይ የጥሬ ገንዘብ፣ ወይ የትራንዛክሽን ዋጋ፤ ወይ መግዣ፣ ወይ መሸጫ። መሀል ላይ የተቀያየረ ዓምድ የሌለ ዝላይ ይፈጥራል።

ቀኖቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ፋይልን ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ያነበዋል። የካቲት 30 «30/6/2016» ተብሎ ከተጻፈ ጁን 30 ይሆንና ዝም ብሎ ያልፋል። ጥቅምት 30 ግን «30/2» ስለሚሆን፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደርም ከዓምዱ ግርጌ ይወድቃል። ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ «5/13/2016» ተብሎ የገባ ጳጉሜን 5 ደግሞ ሜይ 13 ይሆናል። ትውስታ ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የምትለኩት ነገር የለም። መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገብቶ በመጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ በቀን መደርደር ነው። ለልኬቱ የፈረንጅ ቀን አያስፈልግም፤ ተራ ቁጥር ይበቃል።

ገበያው የተዘጋባቸውን በዓላትና ቅዳሜና እሁድን ዝለሏቸው። የዓርብን ዋጋ እሁድ ላይ ደግሞ መጻፍ ዜሮ ለውጦችን ያስገባል። በምርት ገበያው ያልተገበየ የቡና ደረጃ ላይ የመጨረሻውን ዋጋ እየደጋገሙ መሙላትም ያው ስህተት ነው፤ ለብዙ ቀን ዝም ያለ ዋጋ በአንድ ጊዜ ይዘላል። የዕለት የዋጋ ገደብ ባለበት ገበያ ደግሞ ትልቅ ዜና በአንድ ቀን አይገባም፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ተከፋፍሎ በአንድ አቅጣጫ ይገባል። ያ ትውስታ ይመስላል፤ ግን የደንቡ ሥራ ነው።

መቁረጫ ቦታዎች

ሐምሌ 22/2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ወደ ገበያ መር ሲቀየር፣ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ከፍ ካለ ዋጋ ወደ 74 ብር ከፍ ያለ ዋጋ ዘለለ፤ በሎጋሪዝም 26 በመቶ ያህል ነው። ጥቅምት 1/2010 ደግሞ ብር 15 በመቶ እንዲወርድ ተደርጓል። እነዚህን ቀኖች በመረጃው ውስጥ ትታችሁ ከለካችሁ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ትልቅ ዝላይ ኤችን ያሳብጣል ብሎ ይገምታል። ተቃራኒው ነው። 100 ቀን ውስጥ 99ኙ ዜሮ፣ አንዱ ብቻ ትልቅ ዝላይ ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምንሠራው ውድር 9.95 ይወጣል፤ የ100 ስኩዌር ሩት 10 ነውና፣ ውጤቱ ልክ ትውስታ የሌለው ሂደት ይመስላል። ዝላዩ የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን ውድሩ አይለወጥም። ማለትም አንድ ትልቅ ዝላይ እውነተኛውን ትውስታ ይሸፍናል።

ኤችን የሚያሳብጠው የአካሄድ ፍጥነት መቀየር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ብር በአስተዳደር ውሳኔ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይወርድ ነበር፤ የመውረዱ ፍጥነትም ከዘመን ዘመን ይለያያል። የመጀመሪያው ግማሽ ፈጣን፣ ሁለተኛው ግማሽ ዝግ ያለ ሲሆን ስሌቱ ኤችን ወደ 1 ይገፋዋል። ስለዚህ ተከታታዩን ሐምሌ 22 ላይ ቁረጡና የዚያን ቀን ለውጥ አውጡ። ከዚያ በፊት ያለውንም ፍጥነቱ በተቀየረበት ቦታ ሁሉ ከፋፍሉ፤ ከየክፍሉ የራሱን አማካይ ቀንሱ። ሳትከፋፍሉ 0.85 የነበረ ከከፋፈላችሁ በኋላ 0.57 ከሆነ፣ ያያችሁት የፖሊሲ ለውጥ ነው።

ስሌቱ በስምንት ቁጥሮች

በወረቀት አንዴ መሥራት ይበጃል። የስምንት ቀን ለውጥ እንውሰድ፦

3፣ 2፣ 4፣ 1፣ −2፣ −1፣ −4፣ −3

አማካያቸው ዜሮ ነው። (ባይሆን ኖሮ ከእያንዳንዱ እንቀንስ ነበር።) እየደመርን ስንሄድ 3፣ 5፣ 9፣ 10፣ 8፣ 7፣ 3፣ 0 ይወጣል። ከላይኛው ጫፍ 10 እስከ ታችኛው ጫፍ 0 ያለው ስፋት 10 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፦ የካሬዎቹ ድምር 60፣ ለ8 ሲካፈል 7.5 (ቫሪያንስ የሚባለው ይህ ነው)፣ ስኩዌር ሩቱ 2.74። ስፋቱን ለዚህ ስናካፍል 3.65። ይህን የስፋት ውድር እንበለው።

አሁን እነዚያኑ ስምንት ቁጥሮች ቦታ ብቻ እንቀያይር፦

3፣ −2፣ 4፣ −4፣ 1፣ −1፣ 2፣ −3

ሲደመሩ 3፣ 1፣ 5፣ 1፣ 2፣ 1፣ 3፣ 0። ስፋቱ 5 ብቻ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አልተነካም፤ 2.74። ውድሩ 1.83፣ በግማሽ ወረደ። አማካዩ ያው፣ ቫሪያንሱ ያው፣ ትልቁና ትንሹ ቁጥር ያው። የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

በሙሉ መረጃ ላይ እንዲህ ይሠራል። 1,024ቱን ቀን በ16 ቀን ሸንሽኑ፤ 64 ክፍል ይወጣል። በየክፍሉ የስፋት ውድሩን አስሉና የ64ቱን አማካይ ውሰዱ። በ32 (32 ክፍል)፣ በ64 (16 ክፍል)፣ በ128 (8 ክፍል) እና በ256 (4 ክፍል) ድገሙት። አምስት ጥንድ ቁጥሮች ይኖሯችኋል። የክፍሉን ርዝመትና የአማካይ ውድሩን ሎጋሪዝም ወስዳችሁ በስሎፕ ፎርሙላ ተዳፋቱን አስሉ፤ ያ ተዳፋት ኤች ነው። ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን በኤክሴል የናሙናውን ሳይሆን የሙሉ ስብስቡን፣ መጨረሻው ላይ «ፒ» ያለበትን ተጠቀሙ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ለውጥ ዜሮ ከሆነ ማካፈያው ዜሮ ይሆናል፤ ያን ክፍል አውጡትና ስንት እንዳወጣችሁ መዝግቡ። ከአሥር አንዱን ካወጣችሁ መረጃው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

512 ቀን ብቻ ካላችሁ 256ን ተዉት፤ ሁለት ክፍል ብቻ ስለሚሰጥ ነጥቡ ይዋልላል።

0.56 ማለት ዜሮ ትውስታ ነው

ጀማሪን የሚጥለው ይህ ነው። ምንም ትውስታ ለሌላቸው በኖርማል ስርጭት የወጡ ቁጥሮች የሚጠበቀው የስፋት ውድር በ16 ቀን 4.04፣ በ256 ቀን 18.94 ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ተዳፋት 0.5 ሳይሆን 0.56 ይወጣል። ከ16 እስከ 128 ከሆነ 0.57። አጭር ክፍል ውድሩን ዝቅ ስለሚያደርገው ተዳፋቱ ከሚገባው በላይ ቀጥ ይላል። «ኤች 0.57 አግኝተናል፣ ገበያው ትውስታ አለው» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ያያችሁ እንደሆነ ምን እንደተለካ አሁን ታውቃላችሁ።

ለዚህ ነው መነሻው 0.5 የማይሆነው። መነሻውን የሚሰጣችሁ የራሳችሁ መረጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በጥብጡት። ከለውጦቹ ዓምድ አጠገብ ዘፈቀዳዊ ቁጥር ሙሉ፣ በዚያ ደርድሩ፣ ኤችን እንደገና አስሉ። 200 ጊዜ ድገሙ። የመጀመሪያው ኤች ከ200ዎቹ ቢያንስ 190ዎቹን ካልበለጠ ትውስታ አለ አትበሉ። ዘፈቀዳዊ ቁጥሩ ሴል በነካችሁ ቁጥር ስለሚቀያየር፣ ከመደርደራችሁ በፊት ወደ ተራ ቁጥር ቀይራችሁ ለጥፉት። ሁለት መቶ ጊዜ በእጅ የሚያደርግ የለምና ማክሮ ጻፉ፣ ወይም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አድርጉት፤ ጥቂት መስመር ነው።

ሙሉ በሙሉ መበጥበጥ ግን አጭሩንም ረጅሙንም ትውስታ አብሮ ያጠፋል፤ የሜክሲኮው ሰልፍም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር አለ። መረጃውን በ16 ቀን ጥቅል አድርጉ፣ የጥቅሉን ውስጥ ሳትነኩ 64ቱን ጥቅሎች በጥብጡ። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ኤች ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከሆነ፣ ያላችሁ ትውስታ ከ16 ቀን አያልፍም። አንድሩ ሎ በ1991 የአሜሪካ አክሲዮኖችን በተሻሻለ የስፋት ውድር ሲመረምር የደረሰበት እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ አጭሩ ትውስታ ሲነሳለት የረጅሙ ማስረጃ ጠፋ።

ሁለተኛ መለኪያም አክሉ። ቀላሉ የአማካዮች ቫሪያንስ ነው፦ ለውጦቹን በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16፣ በ32 እየከፈላችሁ የየክፍሉን አማካይ ውሰዱ፣ የአማካዮቹን ቫሪያንስ አስሉ፣ እንደ ቅድሙ የሎጋሪዝም ተዳፋት አውጡ። ትውስታ ከሌለ ተዳፋቱ −1 ነው። ኤች ማለት 1 ሲደመር የተዳፋቱ ግማሽ ነው፤ −0.6 ከወጣ 0.7። ሁለቱ መለኪያዎች ከ0.1 በላይ ከተለያዩ የትኛው ልክ እንደሆነ አትከራከሩ፤ ተመልሳችሁ መቁረጫ ቦታ ፈልጉ።

ከተገኘ በኋላ

ኤች በእርግጥ ከ0.5 ከበለጠ፣ የስጋት ማባዣውን ከመቀየር በፊት የሚመጣ መዘዝ አለ፤ መረጃችሁ ከመሰላችሁ ያነሰ ነው። አማካይን ለመገመት 1,000 ትውስታ ያላቸው ቀናት ኤች 0.7 ሲሆን የ63፣ 0.8 ሲሆን የ16 ነጻ ቀናት ያህል ብቻ ይመዝናሉ (ቀመሩ 1,000^(2−2×ኤች))። የአማካዩን ስህተት በግማሽ ለመቀነስ በተለመደው ሒሳብ አራት እጥፍ መረጃ ይበቃል። በ0.7 አሥር እጥፍ፣ በ0.8 ሠላሳ ሁለት እጥፍ ይፈልጋል። «የአራት ዓመት አማካይ» ብሎ በልበ ሙሉነት ትንበያ መጻፍ ኤች 0.7 ሲሆን የሦስት ወር አማካይ ይዞ እንደመጻፍ ነው።

የአማራጭ ውል (ኦፕሽን) ወይም የወደፊት ውል ለመተመን ግን ዋጋውን ራሱን ፍራክሽናል ብራውኒያን ሞሽን አታድርጉት። ሮጀርስ በ1997 እንዳሳየው ኤች ከ0.5 ሲለይ ያለ ስጋት ትርፍ የሚሰጥ ስልት ይገኛል፤ ስለዚህ የብላክ–ሾልስ (የታወቀው የአማራጭ ውል መተመኛ ቀመር) ዓይነት ትመና መሠረቱ ይናዳል። ስልቱ ያለ ወጪና ያለ እረፍት መገበያየትን የሚጠይቅ ነው። ቼሪዲቶ በ2003 በግብይቶች መካከል ትንሽ የጊዜ ክፍተት ግድ ሲሆን፣ ጉዋሶኒ በ2006 የግብይት ወጪ ሲታሰብ፣ ትርፉ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ አይደንቅም።

ረጅም ትውስታን ለማግኘት የተሻለው ቦታ የለውጡ አቅጣጫ ሳይሆን መጠኑ ነው። የለውጦቹን ፍጹማዊ ዋጋ ወስዳችሁ፣ የመቀነስ ምልክቱን አጥፍታችሁ፣ ሁሉንም እርምጃ ድገሙት። ዲንግ፣ ግሬንጀርና ኤንግል በ1993 በአሜሪካው የአክሲዮን መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ ይህን ሲያደርጉ ተዛምዶው ከ2,000 ቀናት በኋላም ከዜሮ በላይ ነበር። ነገ ዶላር ይጨምር ወይ ይቀንስ አታውቁም፤ ነገ ገበያው እንደሚናወጥ ግን ከዛሬው መናወጥ ታያላችሁ። ጋተራል፣ ዤሶንና ሮዘንባም ለመናወጡ ሎጋሪዝም 0.1 ገደማ ማግኘታቸውን ስታነቡ አትደናገጡ። እነሱ የሚለኩት በአጭር ጊዜ መስመሩ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ ነው፣ እናንተ ደግሞ ትውስታው ምን ያህል እንደሚቆይ። በፍራክሽናል ብራውኒያን ሞሽን ሁለቱን አንድ ቁጥር ያዝዛቸዋል፤ በእውነተኛ ገበያ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሪፖርት ስታደርጉ ኤችን ብቻዋን አታቅርቡ። ከጎኗ የክፍል ርዝመቶቹን፣ የተበጠበጠው መረጃ አማካይ ኤች፣ ከ200 ስንቱን እንደበለጠች፣ የት የት እንደቆረጣችሁና ስንት ክፍል እንዳወጣችሁ ጻፉ። በየሦስት ወሩ ድገሙት። ከ1,024 ቀን ውስጥ የሚታደሰው 63 ያህሉ ብቻ ስለሆነ ኤች ብዙ መነቃነቅ የለባትም፤ በአንድ ሩብ ዓመት ከ0.05 በላይ ከዘለለች፣ ገበያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የቀን ዓምዱን ክፈቱና ጥቅምት 29ና 30 የት እንዳሉ እዩ።